የሰባት ዓመት ዜሮ

እኔ ቆሻሻ አልወድም። ይኼንን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው። ዓሣ ማባዣው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት አንድ ሥራ ነው፤ ወንዙ ዳር ያለውን የውሃ መሳቢያ እጠብቃለሁ። ፓምፑ ከወንዙ ይስባል፣ ውሃው በቧንቧ ወደ ገንዳዎቹ ይሄዳል፣ ገንዳዎቹ ውስጥ የዓሣ ጫጩቶች ያድጋሉ። መሳቢያው አፍ ላይ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ያለው የብረት ወንፊት ነበረ፤ እኔ ሳልወለድ ነው የተገጠመው ቢሉኝ አምናለሁ። ቅጠሉም ጭራሮውም እሱ ላይ ይለጠፋል፣ መፋቁ የእኔ ፋንታ ነው። ሠራተኞቹ «እትዬ ወንፊት» የሚሉኝ ለዚህ ነው። ደግ አድርገዋል፣ የባሰም ሊሉኝ ይችሉ ነበር። ሥራ አስኪያጁን «ጋሼ ቶሎ» ነው የሚሏቸው፣ «ቶሎ በሉ» ሳይሉ ዓረፍተ ነገር ስለማይጨርሱ።

ከእኔ በፊት መሳቢያውን ይጠብቁ የነበሩት ሽማግሌ ጡረታ ሲወጡ አንድ ነገር አስተምረውኝ ሄዱ። «መጀመሪያ አጽጂ፣ ከዚያ መዝግቢ» አሉኝ። «አለቃ ሲመጣ ወንፊቱ ጥርት ብሎ ይጠብቀው።» እኔም እንዳሉት አደረግሁ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እፍቃለሁ፤ ቅጠሉን ለብቻ፣ ዓሣውን ለብቻ። አዎ፣ ዓሣ ነበር። የጣት ቁመት የማይሞሉ የወንዝ ዓሦች፣ ፓምፑ ስቦ ብረቱ ላይ አጣብቆ የገደላቸው። ባልዲ ውስጥ እከታቸውና ወረድ ብዬ ወንዙ ውስጥ እደፋቸዋለሁ። ሁለት ሰዓት ሲሆን መዝገቡን ይዤ እመለሳለሁ። መዝገቡ «በምርመራ ሰዓት በወንፊቱ ላይ የታየ ዓሣ ብዛት» ይላል። አያለሁ፤ ወንፊቱ ላይ አንድም ነገር የለም። ዜሮ፣ ፊርማ። በማግስቱም ዜሮ፣ ፊርማ። ቢያስምሉኝ ውሸት አልጻፍኩም ብዬ እምል ነበር።

ከዚያ የወንዙ ዓሣ መመናመን ጀመረ። የዛሬ ሰባት ዓመት የወንዝ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሰዎች ስብሰባ ጠሩ፤ ከድልድዩ እስከ መሳቢያችን ያለው ወንዝ ለአጥማጅ ሊዘጋ ነው። ታላቅ ወንድሜ አጥማጅ ነበር። አዳራሹ መሃል ብድግ ብሎ፣ «ሁልጊዜ አጥማጅ፣ አጥማጅ! እስቲ አንድ ቀን ያንን ፓምፕ እዩት!» አለ። ሰብሳቢው የእኔን መዝገብ ገልጠው አነበቡለት። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ዓሣ አልተያዘም። ወንድሜ መዝገቡን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሷ ከጻፈችው እውነት ነው» ብሎ ቁጭ አለ።

ባልዲው ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ እምላለሁ፣ ከዚያ በፊት እንዲህ አስቤው አላውቅም። ግን አፌን አልከፈትኩም። ሰው ምን ይለኛል፣ ሥራዬስ፣ እያልኩ ምላሴ ተሳሰረ። ወንዙ ተዘጋ፣ የወንድሜ መረብ ተወረሰ፣ ጀልባውን አራግፎ ሸጠ። እሱ እህል መጋዘን ገብቶ ጆንያ ማስጫን ጀመረ፣ እኔ በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዜሮ ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ዓመታት የአላዋቂ ናቸው ልበል። የኋላዎቹ ሰባት ግን የእኔ ናቸው።

ዘንድሮ መሳቢያው ሊታደስ ነው ሲባል ከማንም በላይ ደስ ያለኝ እኔ ነኝ። ቢሮው ግድግዳ ላይ ሥዕሉን ለጠፉት፤ አዲስ ፓምፕ፣ አፉ ላይ ደግሞ እየተሽከረከረ ራሱን የሚያጸዳ ከበሮ የመሰለ ወንፊት፣ ቀዳዳው ከሩዝ ፍሬ የማይሰፋ። ዓሣ ቢመጣ እንኳ በጎን ባለ ቦይ ወደ ወንዙ ይመለሳል። «ተመስገን» አልኩ በሆዴ፣ «ሳልናገር ሊስተካከልልኝ ነው።» የፈሪ ተመስገን።

የመቀየሪያው ቀን ደረሰ። አሮጌው ፓምፕ ማለዳ ተነቀለ። ገንዳዎቹ ውስጥ ሦስት መቶ ሺህ ጫጩት በኦክስጅን ሲሊንደር ይተነፍሳል፣ ኦክስጅኑ የሚበቃው ቢበዛ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። አዲሱ ፓምፕ አምስት ሰዓት ላይ ይነሳል ተባለ። እኔ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ዳር ዳሩ ውሃው ጠቁሯል። የዛፍ ጥላ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ፤ ጥላው ተንቀሳቀሰ። ዓሣ ነው! ገና የተፈለፈለ፣ እልፍ አእላፍ የወንዝ ዓሣ፣ ዳሩን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ስንት ዓመት ሆነኝ እንዲህ ካየሁ! ቀና ብዬ አዲሱን የቧንቧ አፍ አየሁት። ከበሮ የለም። ሦስት ዘንግ ብረት ተበይዶበታል፣ በቃ።

ኢንጂነሩ ነጭ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካበት ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ነበር። ትሁት ልጅ ነው፣ እናቴ ነው የሚለኝ።

«ከበሮውስ?» አልኩት።

«እሱ ለሁለተኛው ምዕራፍ ተላልፏል እናቴ። ለሚቀጥለው ዓመት፣ ወይ ለዚያኛው።»

«ማን አስተላለፈው?»

ፋይሉን ገለጠ። የመዝገቤ ፎቶ ኮፒ፣ ገጽ በገጽ፣ በገዛ እጅ ጽሑፌ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። «እርስዎ በጻፉት መሠረት እዚህ ቦታ ዓሣ አይያዝም» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ስለዚህ አስቸኳይ አይደለም ተባለ።»

«ይኼ ፓምፕ ከአሮጌው ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው?»

«ሦስት እጥፍ ይስባል» አለ በኩራት።

ሦስት ባልዲ፣ ስድስት ባልዲ እያልኩ ማሰብ ጀመርኩ። ከዚያ ማሰቡን ተውኩትና ጮህኩ። «አቁሙ! ዜሮው ውሸት ነው!»

ጋሼ ቶሎ ከላይ እየሮጡ መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማለዳውን፣ ባልዲውን፣ ሁለት ሰዓቱን። ሰውዬው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብለው ተናገሩ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ... ዓሣውን... እየደፋሽ... ዜሮ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ዛሬ?»

«ዳሩን ይዩት» አልኳቸው። አዩት። ላባቸውን ጠረጉ።

«ፓምፑ ይነሳል» አሉ ቀጥለው። «ምን አማራጭ አለኝ? ጫጩቶቹን አፍኜ ልግደል? አንቺው ነሽ ፍረጂ!»

የገንዳዎቹም ነፍስ ነው፣ ያሳደጋቸው እኔ የጠበቅሁት ውሃ ነው። ኢንጂነሩ ግን መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ነጩን ጫማ ረስቶት፣ ወረቀቱ ላይ ይጭር ጀመር።

«በግማሽ ኃይል ላስነሳው እችላለሁ» አለ። «የዓሣ ልጅ የማያሳልፍ ድርብ መረብ ቢገኝ፣ ከአፉ ራቅ አድርገን፣ ሰፋ አድርገን ብንከብበው... ክቡ በሰፋ ቁጥር ውሃው በቀስታ ያልፋል፣ ዓሣው መረቡ ላይ አይጣበቅም። ከበሮው እስኪመጣ ያቆየናል። ግን እንዲህ ያለ መረብ ዛሬ ከየት ይመጣል?»

ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። መጋዘናችን ውስጥ በከረጢቱ ተሰቅሏል፤ ጥበቃው መሥሪያ ቤት የወረሰውን እዚያ ነው የሚያስቀምጠው። የወንድሜ መረብ ነው፤ ቀዳዳው ጠቦ ትንንሹንም ያጠምዳል ተብሎ የተወረሰው። እውነታቸውን ነው፣ ያጠምድ ነበር፤ ወንድሜን ጻድቅ ነው አልልም።

«ንብረቱ ማኅተም አለበት!» አሉ ጋሼ ቶሎ።

«ማኅተሙን ልብላልዎት?» አልኳቸው። ከዚያ በፊት እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም። የመኪናውን ቁልፍ ለሾፌሩ ወረወሩ። መረቡን ብናገኝ በዚያ ወራጅ ውሃ ላይ ሊዘረጋው የሚችል አንድ ሰው ነው፣ እሱንም ማን እንደሚያመጣው ግልጽ ነበር።

ወንድሜ እህል መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጆንያ ያስቆጥራል። ፊቱ ላይ የዱቄት ብናኝ አለ።

«ወንድምጋሼ፣ መረብህ ይፈለጋል» አልኩት።

«የትኛው? የነጠቃችሁኝ?»

«እሱ።»

«አይጥ አልጨረሰውም?»

«በየዓመቱ ከረጢቱን አራግፌ ከፍ አድርጌ ነው የምሰቅለው።»

ትክ ብሎ አየኝ። ለምን እንደምንፈልገው ነገርኩት፤ አዲሱ ፓምፕ፣ ዳሩን ይዞ የሚወርደው ዓሣ፣ የቀረው ሰዓት። ከበሮው ለምን እንደቀረ ግን አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀም። ለአለቃው «መጣሁ» ብሎ መኪናው ውስጥ ዘሎ ገባ።

መንገዱን ሙሉ አፉ አልተዘጋም። ሰባት ዓመት እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። «ውሃው የት ድረስ ነው? ጉልበት ነው ደረት? ካስማ አላችሁ? ወፍራም ይሁን፣ ቀጭኑን ይነቅለዋል።» ደግሞ፣ «እውነት ዳሩ ጠቁሯል? አትቀልጂ! በእናትሽ?» ይለኛል። ዓይኑ የልጅ ዓይን ሆኗል። ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል፣ መልሼ እውጠዋለሁ። መረቡ ይዘርጋ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ አልኩ። ከሰባት ዓመት በፊትም እንዲሁ ነበር ያልኩት፣ ነገ እነግረዋለሁ።

ስንደርስ አራት ተኩል ሆኗል። መረቡን ከከረጢቱ ሲያወጣው አሸተተው። ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ ገባ። ሦስት የጥገና ሠራተኞች ካስማ እየያዙ ተከተሉት፣ እሱ ከመሃል ሆኖ ያዛል። «ወደ አንተ! አታጥብቀው፣ ላላ አድርገው! ግርጌውን በድንጋይ!» ውሃው ሁለት ካስማ ነቀለባቸው፣ እንደገና ተከሉ። ውሃው እስከ ደረቱ ነው። አምስት ሰዓት አለፈ። የገንዳዎቹ ኃላፊ ስልክ ደወለች፣ ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማል። «የመጨረሻው ሲሊንደር ላይ ነን! ጫጩቶቹ አፋቸውን ወደ ላይ እያወጡ ነው!»

«ቶሎ በሉ!» አሉ ጋሼ ቶሎ። «ቶሎ! ቶሎ!»

አምስት ተኩል ላይ አንድ ካስማ ብቻ ቀረ። ወንድሜ የመጨረሻውን ገመድ ይዞ ወደሱ እየተጠጋ ነው። ጋሼ ቶሎ ዳሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ ሰዓታቸውን እያዩ፣ ንዴታቸውን የሚጥሉበት አጡ። «ምን ዓይነት ቀን ነው!» አሉ። «እህትህ ዓሣ እየደፋች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዜሮ ባትጽፍ ኖሮ ከበሮው ዛሬ እዚህ ነበር!»

ወንድሜ ቆመ።

ገመዱን እንደያዘ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አሉ?»

ጋሼ ቶሎ አፋቸውን ያዙ። እኔ ዳሩ ላይ ነኝ፣ አሥር እርምጃ ብንራራቅ ነው።

«ዓሣ ነበር?» አለኝ።

«ነበር።»

«እኔ አዳራሽ ውስጥ ስነሳስ፣ ታውቂ ነበር?»

«ያን ቀን ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ ግን አውቃለሁ።»

«ስንት ነበር?»

«ምኑ?»

«ዓሣው! ስንት ነበር?»

«በቀን አንድ ባልዲ» አልኩት። «ወንዙ ሲሞላ ሁለት።»

ፊቱን ማየት አቃተኝ። እጁን አየሁ። ገመዱ ቀስ እያለ ከእጁ እየሾለከ ነው፣ የመረቡ ጫፍ ረገበ፣ ያ ጥቁር ነገር በተከፈተው በኩል ወደ ውስጥ መጉረፍ ጀመረ። «ያዘው እንጂ ሰውዬ!» ብሎ አንዱ ሠራተኛ ጮኸ። ወንድሜ አይሰማም። ከላይ ደግሞ ስልኩ፣ «መሞት ጀመሩ! የታችኛው ገንዳ መሞት ጀመረ!»

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ከነቀሚሴ ገባሁ። ዋና አልችልም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንዝ ስጠብቅ ከጉልበቴ በላይ ገብቼ አላውቅም። እግሬ ሸርተት ሲል ካስማውን አቀፍኩ፣ ገመዱን ጫፉ ላይ አፈፍ አደረግሁት። ከበደኝ። ውሃው ይጎትተኛል፣ መረቡ ይጎትተኛል። ሁለት ክንዴ ሊገነጠል ደረሰ። ወንድሜ እዚያው ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ወንድምጋሼ» አልኩት፣ «እኔን በኋላ ስደበኝ። እነሱ ምን አደረጉ?»

ከአጠገቡ የሚጎርፉትን ትንንሽ ዓሦች አየ። ከዚያ በአንድ እጁ ወደ ውስጥ የገቡትን በመረቡ ጫፍ ወደ ውጭ አባረረ፣ በአንድ እጁ ገመዱን ያዘ።

«ልቀቂ» አለኝ። «ቋጠሮ አትችዪም።»

ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ አሠረው። «አስነሱት» አለ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለኢንጂነሩ።

ፓምፑ አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ አጉረመረመ። መረቡ ወደ ውስጥ ለጠጥ አለ፣ ካስማዎቹ ጮኹ፣ ያዙ። እኔ እንደቆምኩ መዳፌን መረቡ ላይ አደረግሁ። ትንንሾቹ እጄ አጠገብ መጡ፣ መረቡን ነክተው ተመለሱ፣ ጥግ ጥጉን ይዘው ወደ ታች ወረዱ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። አንድም አልተጣበቀም። ከላይ፣ «ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። የታችኛው ገንዳ ግማሹ ሞቷል፣ ሌላው ተርፏል። አለቀስኩ። ኢንጂነሩ እጄን ይዞ አወጣኝ፤ ጫማው ነጭ እንደነበር ሌላ ሰው አሁን ቢያየው አያምንም።

ወንድሜ ሸሚዙን ጨምቆ ለበሰ። መኪናው ያድርስህ አሉት። እንቢ አለ፣ በእግሩ ሄደ። በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም።

ለወንዝ ጥበቃው መሥሪያ ቤት በራሴ እጅ ጽፌ ሰጠሁ። አሥራ ዘጠኙንም ዓመት፣ ባልዲውን ጭምር። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ሲያንሰኝ ነው። ጋሼ ቶሎ ሊያባርሩኝ ፈልገው ነበር፣ ግን መሳቢያውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ከበሮው ለሁለተኛው ምዕራፍ መሆኑ ቀርቶ በሁለት ወር ውስጥ እንዲገጠም ተወሰነ። የወንዙ መከፈት ግን ጉዳዩ እየታየ ነው ተባለ፤ እስከ ዛሬ እየታየ ነው። አንድ ሌላ ነገርም አዘዙ። ከእንግዲህ መዝገቡ ላይ ሁለት ሰው ይፈርም፣ አንዱ ከአጥማጆች ወገን ይሁን። አጥማጆቹ ተሰብስበው ወንድሜን መረጡት።

በየማለዳው፣ መጋዘን ከመግባቱ በፊት ይመጣል። አሁን መረቡ ላይ የተያዘው መጀመሪያ ይቆጠራል፣ ከዚያ ይጸዳል። እሱ ይቆጥራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይፈርማል። «ወንድምጋሼ፣ እንዴት አደርክ?» እለዋለሁ። «አሥራ አራት» ይላል። በማግስቱ፣ «ዘጠኝ»። ሁለት ወር ሙሉ ከቁጥር በቀር አንድ ቃል አልሰጠኝም። እኔም ጥፋቴን ስለማውቅ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። ቢሆንም ያንን ቁጥር ለመስማት በጥዋት እየተነሳሁ መንገድ መንገዱን አይ ነበር።

ከበሮው ተገጥሞ በአራተኛው ቀን መጥቶ ጎንበስ አለ። ዙሪያውን ዞረ፣ ቦይውን አየ፣ ተንበርክኮ ከሥሩ አየ። ቆየብኝ።

«ስንት?» አልኩት።

«ምንም የለም።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። እንዴት ልጻፈው? ያንን ክብ ነገር ስንት ሺህ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ያን ቀን ግን እጄ እንቢ አለኝ። «አንተ ጻፈው» አልኩት።

«አንቺ ጻፊ» አለኝ። «እኔም አይቻለሁ።»

ጻፍኩ። መዝገቡን ከእጄ ተቀበለ፣ ቀኑን አነበበ፣ ዜሮውን አነበበ፣ ከዚያ ፈረመ። ድሮ ቢሆን፣ እኔ ከጻፍኩት፣ አያነበውም ነበር።